የእሳተ ገሞራ ስርጭት ካርታና የክፍል ውስጥ ትምህርቱ፦ ነጥቦቹ የሚናገሩትና የሚሰውሩት

በጂኦግራፊ ትምህርት ውስጥ እንደ እሳተ ገሞራ የተማሪን ልብ በቀላሉ የሚስብ ርእስ ጥቂት ነው። ምድር ከውስጧ እሳት ትተፋለች መባሉ ብቻ ሕፃኑን ከመቀመጫው ቀና ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ርእሱ በተጀመረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ይህ የመጀመሪያ ጉጉት ሲበርድ ይታያል። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። መምህሩ የዓለምን ካርታ ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ይሰቅላል፤ በካርታው ላይ ቀያይ ነጥቦች ተበትነዋል፤ ተማሪዎቹ የ«ቀበቶዎቹን» ስም፣ ከዚያም የዋና ዋናዎቹን ተራሮች ስምና አገር በደብተራቸው ይገለብጣሉ፤ በመጨረሻም ተራሮቹን «ሕያው»፣ «ያንቀላፋ»፣ «የሞተ» በሚሉ ሦስት ዓምዶች ይደለድላሉ። በፈተና የሚጠየቀውም ይኸው ድልድል ነው። ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ከዚህ ሁሉ በተማሪው አእምሮ ውስጥ ምን እንደቀረ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የተለመደ የትምህርት መርጃ መሣሪያ፣ ማለትም የእሳተ ገሞራን የዓለም ስርጭት የሚያሳየውን ካርታና ከእርሱ ጋር ተያይዞ የሚሰጠውን የምደባ ትምህርት፣ በሂስ ዐይን መመርመር ነው። ሂሱ ካርታውን ከግድግዳ ለማውረድ የታሰበ አይደለም። ማንኛውም ካርታ የሚያሳየው ነገር እንዳለ ሁሉ የሚሰውረውም ነገር አለ፤ የሚሰውረውን ያልተማረ ተማሪ የሚያሳየውንም በሚገባ ተረድቷል ለማለት ያስቸግራል። ነገሩ በዕውቀት ጉድለት ብቻ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ወደ በኋላ እንደሚታየው፣ ካርታ ተዘጋጅቶ ሳለ የካርታው መልእክት ለሕዝብ ባለመድረሱ አንድ ከተማ ከነነዋሪዎቹ በጭቃ የተቀበረበት ጊዜ አለ።

ሀ. የካርታው ውለታ

በቅድሚያ ለካርታው ተገቢውን ዋጋ መስጠት ያስፈልጋል። የእሳተ ገሞራዎች ስም በፊደል ተራ ተደርድሮ ቢቀርብ አንባቢው ከስም ብዛት በስተቀር የሚያገኘው ነገር የለም። እነዚያው ስሞች በካርታ ላይ በየቦታቸው ሲቀመጡ ግን ወዲያውኑ አንድ ሥርዓት ጎልቶ ይወጣል። በዓለም ላይ ወደፊት ሊፈነዱ ይችላሉ ተብለው ከሚታሰቡት 1,350 ያህል እሳተ ገሞራዎች መካከል የሚበዙት በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዙሪያ የተሰለፉ ናቸው። ሰልፉ ከኒውዚላንድ ተነሥቶ በፊሊፒንስ፣ በጃፓን፣ በካምቻትካና በአላስካ ዞሮ እስከ አንዲስ ተራሮች ደቡባዊ ጫፍ ይወርዳል። ሌላው ሰልፍ በሜዲትራኒያን አካባቢ፣ ሌላውም በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ይታያል። በአንጻሩ እንደ ብራዚልና እንደ ምዕራብ አውስትራሊያ ያሉት ሰፋፊ የአህጉራት ክፍሎች ነጥብ አልባ ናቸው።

ይህ ሥርዓት ተራ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ የምድር ውጫዊ ጠጣር ሽፋን በበርካታ ግዙፍ ጠፍጣፋ ክፍሎች የተከፋፈለ መሆኑንና ክፍሎቹም በዓመት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ፍጥነት እንደሚንቀሳቀሱ የሚያስረዳው ንድፈ ሐሳብ ሲጸና፣ የእሳተ ገሞራና የርእደ መሬት ስርጭት ካርታዎች ከደጋፊ ማስረጃዎቹ መካከል ነበሩ። በዚህ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ቅልጥ ዓለት ወደ ላይ የሚወጣባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ የውቅያኖስ ወለል የሆነ ክፍል ከሌላው ሥር ሲሰምጥ ይዞት የሚወርደው ውሃ ከበላዩ ያለው ዓለት በቀላሉ እንዲቀልጥ ማድረጉ ነው። ሁለተኛው፣ ሁለት ክፍሎች ሲራራቁ ከሥር ያለው ትኩስ ዓለት ወደ ላይ እየተነሣ ጫና ሲቀንስለት መቅለጡ ነው። ሦስተኛው፣ ከክፍሎቹ ድንበር ርቆም ቢሆን ከጥልቅ የሚነሣ ሙቀት ሽፋኑን ከሥሩ ማቅለጡ ነው።

እንግዲህ ካርታው የመጀመሪያ ሥራውን በሚገባ ይሠራል፤ ተማሪውን «ለምን እዚህ? ለምንስ እዚያ አይደለም?» ወደሚል ጥያቄ ያደርሰዋል። ጉድለቱ የሚጀምረው ትምህርቱ ከዚህ ጥያቄ ፊት ቆሞ ሳለ ጥያቄውን ትቶ ወደ ስም ሽምደዳ ሲመለስ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ምክንያቱ ያልተነገረው ስርጭት ሥር የሌለው ዛፍ ሆኖ ይቀራል።

ለ. «የእሳት ቀለበት» ስለሚባለው ስያሜ

በፓሲፊክ ዙሪያ ያለው ሰልፍ «የእሳት ቀለበት» ተብሎ መጠራቱ ለማስታወስ ይመቻል። ዳሩ ግን ለማስታወስ የሚመች ስም ሁሉ ለመረዳት አይመችም። ቀለበት ሲባል የተዘጋና ያልተቋረጠ ክብ ይታሰባል። የእሳተ ገሞራዎቹ ሰልፍ ግን በደቡብ በኩል ክፍት በመሆኑ ይበልጥ የፈረስ ኮቴን ይመስላል፤ በውስጡም ሰፋፊ ክፍተቶች አሉበት። የአንዲስ ተራሮች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በሰሜንና በመካከለኛው ፔሩ፣ እንዲሁም በመካከለኛው ቺሌ አንድ ክፍል፣ የውቅያኖሱ ወለል በአህጉሩ ሥር እየሰመጠ ሳለ በሥራ ላይ ያለ እሳተ ገሞራ አይገኝም። ምክንያቱም በእነዚህ ቦታዎች የሚሰምጠው ክፍል ቁልቁል ከመውረድ ይልቅ ከአህጉሩ ሥር ተኝቶ ወደ ጎን ስለሚሄድ፣ ዓለት እንዲቀልጥ የሚያስፈልገው ትኩስ ስፍራ በመካከሉ አይገኝም። ቀለበት ብቻ ያየ ተማሪ ይህን ክፍተት የካርታ ሠሪ ስሕተት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ምክንያቱን የተማረ ግን ክፍተቱን እንደ ማስረጃ ያነበዋል።

ከዚህ የሚከፋው ግድፈት «የአልፕስና የሂማላያ ቀበቶ» በሚባለው ላይ የሚፈጸመው ነው። ይህ ቀበቶ በትክክል የርእደ መሬት ቀበቶ ነው። በብዙ የክፍል ማስታወሻዎች ግን ሳይለወጥ የእሳተ ገሞራም ቀበቶ ሆኖ ይገለበጣል። በሜዲትራኒያን በኩል ቬሱቪየስ፣ ኤትና፣ ስትሮምቦሊና ሳንቶሪኒ መኖራቸው፣ ወደ ምሥራቅም በቱርክና በኢራን እሳተ ገሞራዎች መታየታቸው እውነት ነው። ወደ ሂማላያ ሲደረስ ግን ርእደ መሬቱ ሲበረታ እሳተ ገሞራው ይጠፋል። በዚያ የሚጋጩት ሁለት አህጉራት በመሆናቸውና የሚሰምጥ የውቅያኖስ ወለል በመካከላቸው ባለመቅረቱ፣ መሬቱ ይታጠፋል፣ ይወፍራል፣ ይናወጣል እንጂ እሳት አይተፋም። ርእደ መሬትና እሳተ ገሞራ ዘመዳሞች ቢሆኑም መንትያ አይደሉም። ይህን ልዩነት የማያሳይ ትምህርት የንድፈ ሐሳቡን ዋና ፍሬ ያስቀራል።

በሌላ በኩል የሃዋይ ደሴቶች ከ«ቀለበቱ» ጠርዝ እጅግ ርቀው በፓሲፊክ መሐል ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ማውና ሎአና ኪላዌያ ከዓለም ብርቱ እሳተ ገሞራዎች መካከል ናቸው። ካናዳዊው የምድር ሳይንስ ሊቅ ቱዞ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1963 ባቀረበው ሐሳብ፣ ደሴቶቹ በሰልፍ መደርደራቸውን የተረጎመው የውቅያኖሱ ወለል ከሥሩ ባለ የሙቀት ምንጭ ላይ ቀስ እያለ በማለፉ ነው። ተማሪው ይህን ሲረዳ ከሥርዓት የወጣች የምትመስለው ነጥብ ሥርዓቱን ይበልጥ እንደምታብራራ ይማራል።

የመጨረሻውና የሰፋው ግድፈት የባሕሩ ጉዳይ ነው። ከምድር ውስጥ ከሚወጣው ቅልጥ ዓለት ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚወጣው በውቅያኖስ ወለል ላይ በተዘረጉት የተራራ ሰንሰለቶች እንደሆነ ይገመታል። እነዚህ ሰንሰለቶች በጠቅላላው ከ60,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አላቸው። በተራ የግድግዳ ካርታ ላይ ግን ባሕሩ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው። አይስላንድ ከዚህ ሰንሰለት ከውኃ በላይ ብቅ ያለች ክፍል መሆኗ ካልተነገረ፣ በአትላንቲክ ሰሜን ያለችው ነጥብ ብቸኛ እንግዳ ትመስላለች።

ሐ. «ሕያው፣ ያንቀላፋ፣ የሞተ»

ከካርታው ጋር የሚሰጠው የሦስት ዓምድ ምደባ ከስርጭቱ ትምህርት ይልቅ የከፋ ጉዳት አለው። ቃላቱ ከሰው ሕይወት የተወሰዱ በመሆናቸው ለልጅ አእምሮ ቅርብ ናቸው፤ ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚሁ ቅርበት ነው። ሰው ከሞተ አይነሣም፤ «የሞተ» የተባለ ተራራም እንዲሁ ይታሰባል። የእሳተ ገሞራ ዕድሜ ግን በመቶ ሺሕ ዓመታት የሚቆጠር ሲሆን፣ የጽሑፍ ታሪክ በብዙ አገሮች ከጥቂት መቶ ዓመታት አያልፍም። በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ዕድሜ ያለውን ነገር በመቶዎች ዓመታት ዝምታ ለሞት መፍረድ፣ አንድን ሰው ለጥቂት ደቂቃ ስላልተናገረ ድዳ ነው ከማለት አይለይም።

ምሳሌዎቹ ብዙ ናቸው። በሜክሲኮ የሚገኘው ኤል ቺቾን ለብዙ መቶ ዓመታት ጸጥ ብሎ የቆየ፣ በዝናም ያልታወቀ ተራራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 በመጋቢትና በሚያዝያ ፈንድቶ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎችን ገደለ። በፊሊፒንስ የሚገኘው ፒናቱቦ 500 ዓመት ያህል ዝም ካለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1991 ያፈነዳው ፍንዳታ ከሃያኛው መቶ ዓመት ታላላቅ ፍንዳታዎች አንዱ ሆነ። በኤርትራ የሚገኘው ናብሮ የታወቀ የፍንዳታ ታሪክ ሳይኖረው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 ፈነዳ።

በኢትዮጵያም በአፋር ክልል የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ በተመዘገበ ታሪክ ፈንድቶ አያውቅም ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ግን ፈነዳ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በየመንና በኦማን ላይ አልፎ እስከ ፓኪስታንና ህንድ ደረሰ፤ በረራዎችንም አሰናከለ። በአፍዴራ አካባቢ የአርብቶ አደሩ ግጦሽ በአመድ ተሸፈነ። ከኅዳር 14 በፊት በነበረው ሳምንት ስለዚህ ተራራ በፈተና ቢጠየቅ ኖሮ የሦስት ዓምዱ ትምህርት ምን መልስ ያሰጥ እንደነበረ መገመት አያዳግትም፤ መልሱም በፈተና ወረቀት ላይ «ትክክል» ተብሎ በታረመ ነበር።

መ. በካርታው ላይ የመዝጋቢው ጥላ

ሦስት ዓምዱ የተመሠረተው በታሪክ መዝገብ ላይ ከሆነ፣ መዝገቡ ራሱ እንዴት እንደተሠራ መጠየቅ ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ሁነኛ መምህር ሆኖ የሚያገለግል አንድ ማስረጃ አለ። የዓለም እሳተ ገሞራ መዝገብን ያጠናቀሩት የስሚዝሶኒያን ተቋም ሊቃውንት በየዓመቱ የተመዘገቡትን ፍንዳታዎች ሲቆጥሩ፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን ቁጥሩ ዝቅ ብሎ አገኙት። ምድር ለጦርነቱ ብላ እሳቷን አልገታችም፤ የሚመለከተውና የሚጽፈው ሰው ሐሳቡ በሌላ ተይዞ ነበር። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1883 ክራካታው ፈንድቶ ዓለምን ካነጋገረ በኋላ የተመዘገቡት ፍንዳታዎች ቁጥር ከፍ አለ። ከፍ ያለው ግን የሰው ትኩረት ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የእሳተ ገሞራ ካርታ የምድርን እሳት ብቻ ሳይሆን የመዝጋቢውንም ብዕር ይዟል። ቬሱቪየስ እ.ኤ.አ. በ79 ዓመተ ምሕረት መፈንዳቱ በዝርዝር የታወቀው፣ ትንሹ ፕሊኒ ያየውን ለታሪክ ጸሐፊው ለታኪቱስ በደብዳቤ ስለገለጠለት ነው። በዚያው ዘመን በአፋር በረሓ የፈነዳ ተራራ ቢኖር ደብዳቤ የጻፈለት አልነበረም። ስለሆነም ሁለት ተራሮች በካርታ ላይ የተለያየ ቀለም መያዛቸው አንዳንድ ጊዜ የሚያመለክተው የተራሮቹን ሳይሆን በአጠገባቸው የነበሩትን የጽሕፈት ባህሎች ልዩነት ነው።

በዚህ ረገድ ከተለመደው የክፍል ካርታ የተሻለ ሥራ መኖሩን መጥቀስ ይገባል። በአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤትና በስሚዝሶኒያን ተቋም ትብብር እ.ኤ.አ. በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ በ2006 ለሦስተኛ ጊዜ ተሻሽሎ የወጣው፣ ስሙም በአማርኛ «ይህች ተንቀሳቃሽ ፕላኔት» ሊባል የሚችለው ትልቅ ካርታ፣ ከ1,500 በላይ እሳተ ገሞራዎችን ከርእደ መሬት ቦታዎችና ከጠፍጣፋ ክፍሎቹ ድንበር ጋር አንድ ላይ ያሳያል። ዋናው ብልጫው ግን ሌላ ነው፤ ተራሮቹን «ሕያው» ወይም «የሞተ» አይላቸውም። ለመጨረሻ ጊዜ መፈንዳታቸው በታወቀበት ዘመን ብቻ ይለያቸዋል፤ ማስረጃው አጠራጣሪ የሆነውንም አጠራጣሪ ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ይህ ሐቀኛ አሠራር ነው፤ የሚታወቀውን ከሚገመተው ለይቶ ያስተምራል።

ይህም ካርታ ቢሆን እንከን አያጣም። የተነደፈው በመርኬተር ዘዴ በመሆኑ ወደ ምሰሶዎቹ የቀረቡትን አገሮች እጅግ አግዝፎ፣ በምድር ወገብ አካባቢ ያሉትን አሳንሶ ያሳያል። የአላስካና የካምቻትካ ሰልፍ ተዘርግቶ ሲታይ፣ የአፋርና የስምጥ ሸለቆ ነጥቦች በጠባብ ስፍራ ተጨናንቀው አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባሉ። በዚህ ካርታ የሚያስተምር መምህር የምሥራቅ አፍሪካን ክፍል ለብቻው አስፍቶ በሰሌዳ ላይ መንደፍ ይኖርበታል።

ሠ. ነጥብና ርቀት

እስካሁን የተነቀፈው ነጥቡ የት እንደተቀመጠና ምን ቀለም እንደተቀባ ነው። ቀሪው ጥያቄ ነጥቡ የት ድረስ ይደርሳል የሚለው ነው። በካርታ ላይ ነጥብ ትንሽና የተወሰነች ናት፤ ተማሪውም አደጋው በነጥቧ ውስጥ እንደተወሰነ ያስባል። ከነጥቧ ውጪ ያለው ሰው ደኅና ይመስለዋል።

በኮሎምቢያ የደረሰው ይህን አሳብ ለዘለቄታው ሊያፈርስ በተገባ ነበር። ኔቫዶ ዴል ሩዪስ በረዶ የተሸከመ ከፍተኛ ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 1985 ሌሊት በፈነዳ ጊዜ ፍንዳታው ከሌሎች ታላላቅ ፍንዳታዎች ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነበር። ነገር ግን ትኩሱ አመድ በረዶውን አቀለጠው፤ ውኃውም አፈርና ድንጋይ እየጠራረገ በየወንዙ ሸለቆ የጭቃ ጎርፍ ሆኖ ወረደ። ከሁለት ሰዓት በላይ ከተጓዘ በኋላ ከተራራው አፍ በጣም ርቃ በምትገኘው በአርሜሮ ከተማ ላይ ደረሰ። በዚያች ሌሊት 23,000 ያህል ሰዎች አለቁ። የሚያሳዝነው አደጋው ያልታሰበ አለመሆኑ ነው። የጭቃ ጎርፍ ሊደርስባቸው የሚችሉትን ቦታዎች የሚያሳይ ካርታ ከአንድ ወር በፊት ተዘጋጅቶ ነበር፤ አርሜሮም በዚሁ ካርታ አደጋ ካሠጋቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። ከዚህም በላይ ከተማይቱ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1845 ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን የገደለ የጭቃ ጎርፍ ባነጠፈው ደለል ላይ ነበር። ካርታ ነበረ፤ ታሪክም ነበረ፤ ጎርፉም ከተማይቱ ድረስ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጅቷል። የጎደለው ካርታውን ወደ ውሳኔ፣ ውሳኔውንም ወደ ሕዝቡ የሚያደርስ የተማረ ልቡና ነው።

ከአንድ ዓመት በኋላም በካሜሩን፣ ነሐሴ 21 ቀን 1986 (እ.ኤ.አ.)፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ከተኛው ከኒዮስ ሐይቅ የተነሣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በየሸለቆው ተንሸራቶ ከ1,700 በላይ ሰዎችን ገደለ። በዚያ እሳትም ላቫም አልታየም። «እሳተ ገሞራ ማለት እሳት የሚተፋ ተራራ ነው» የሚለው የተለመደ ፍቺ ለኒዮስ ነዋሪ የሚጠቅም ነገር አልነበረውም።

እነዚህን ታሪኮች ለተማሪ መንገር ልጆችን ማስፈራራት ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። መልሱ በፒናቱቦ ይገኛል። የፊሊፒንስና የአሜሪካ ሊቃውንት ተራራው መነቃቃቱን ሲያዩ የመጀመሪያው ችግራቸው የአካባቢው ሕዝብና ሹማምንት አደጋውን አለማመናቸው ነበር፤ 500 ዓመት ዝም ያለ ተራራ ይገድላል ብሎ ማን ያምናል? በዚያን ጊዜ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሞሪስና ካትያ ክራፍት ባነሡት ፊልም የተዘጋጀ አጭር የማስተማሪያ ትዕይንት ነው። የትኩስ ደመናና የጭቃ ጎርፍ ምን ማለት እንደሆነ ሕዝቡ በዐይኑ አየ። በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአካባቢው እንዲወጡ ተደረገ፤ ተራራው ሰኔ 15 ቀን 1991 (እ.ኤ.አ.) በከፍተኛ ኃይል ሲፈነዳ፣ በማስጠንቀቂያው ምክንያት ቢያንስ 5,000 ሰዎች ሳይሞቱ እንደቀሩ ተገምቷል። ክራፍቶች ራሳቸው ከዚህ 12 ቀን ቀደም ብሎ በጃፓን በኡንዘን ተራራ ሞተው ነበር። ከአርሜሮ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በተራሮቹ ብርታት አልነበረም፤ የበረታው ፒናቱቦ ነው። ልዩነቱ የተፈጠረው ዕውቀቱ በጊዜው ወደ ሕዝቡ በመድረሱ ነው።

ረ. ለመምህሩና ለዕቅድ አውጪው

ከዚህ በላይ የተባለው በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ዘንድ ልዩ ክብደት አለው። በዓለም ካርታ ላይ የኢትዮጵያ ተማሪ የሚያገኛት ስም አብዛኛውን ጊዜ ለአሥርት ዓመታት በላቫ ሐይቁ የታወቀው ኤርታሌ ነው። ይህም እሳተ ገሞራ ሩቅና በረሓማ ነገር እንደሆነ ያስገምተዋል። በቢሾፍቱ የሚማር ልጅ የሚዋኝበት ሐይቅ በፍንዳታ የተቦረቦረ አፍ መሆኑን፣ የዝቋላና የወንጪ ሐይቆችም በእሳተ ገሞራ ተራሮች አናት ላይ መተኛታቸውን ሳያውቅ የቬሱቪየስን ከፍታ በቃሉ ሊወጣ ይችላል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) በአፋር በዳባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር መሬቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል፤ አብዛኛው ቅልጥ ዓለት ግን ከመሬት በታች ስለቀረ የታየው ፍንዳታ ትንሽ ነበር። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ርእደ መሬት ሲደጋገም በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። ለእነዚህ ክስተቶች የነጥብ ካርታው ቦታ የለውም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ማሻሻያዎች በሥራ ላይ ማዋል ይበጃል።

አንደኛ፣ ተማሪዎች የእሳተ ገሞራውን፣ የርእደ መሬቱንና የጠፍጣፋ ክፍሎቹን ድንበር በሦስት ስስ ወረቀቶች ላይ ነድፈው አንዱን በሌላው ላይ ያነባብሩ። ሦስቱ የሚገጥሙበትን ብቻ ሳይሆን የማይገጥሙበትንም፣ ማለትም ሂማላያንና ሃዋይን፣ ራሳቸው ይፈልጉ፤ ምክንያቱንም ይወያዩበት።

ሁለተኛ፣ ሦስቱ ዓምዶች ቀርተው በምትካቸው ሁለት ጥያቄዎች ይግቡ፤ «ይህ ተራራ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው መቼ እንደሆነ ይታወቃል?» እና «ይህስ የታወቀው በምን ማስረጃ ነው?» የሚሉ። «አይታወቅም» የሚለው መልስ ሙሉ ነጥብ የሚያሰጥበት ጊዜ መኖር አለበት።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ምሳሌ ተማሪው ነጥቡን ብቻ ሳይሆን ከተራራው የሚወርዱትን ወንዞች፣ የነፋሱን አቅጣጫና በዙሪያው ያሉትን መንደሮች እንዲነድፍ ይደረግ። ጭቃ በሸለቆ፣ አመድ በነፋስ፣ ከባድ ጋዝም በዝቅተኛ ስፍራ እንደሚሄድ ከዚህ ንድፍ ይረዳል።

አራተኛ፣ በስምጥ ሸለቆና በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶች የአገር ሽማግሌዎችን ትውስታ እንዲሰበስቡ ይበረታቱ። በፈንታሌ አካባቢ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የፈሰሰው ላቫ ዘመን የተገመተው የአካባቢው ሰዎች ለተጓዦች ከነገሩት ነው። ጽሑፍ ባልነበረበት ቦታ የሰው አንደበት መዝገብ ነው፤ ካርታው የጎደለውንም በከፊል ሊሞላ ይችላል።

እነዚህ ማሻሻያዎች ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃሉ የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። የተጨናነቁ ክፍሎችና የመርጃ መሣሪያ እጥረት መኖራቸው አይካድም። ነገር ግን የተጠየቀው ጠመኔ፣ ስስ ወረቀትና የአካባቢው መልክዐ ምድር ነው። የጊዜውም ጉዳይ ቢሆን ስሞችን ለመገልበጥ ከሚውለው ክፍለ ጊዜ ሊገኝ ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው የፈተናው ጉዳይ ነው። ፈተናው ስምና ዓምድ መጠየቁን እስከቀጠለ ድረስ መምህሩ ስምና ዓምድ ማስተማሩን ይቀጥላል። ስለሆነም ለውጡ ከጥያቄ አውጪዎች ቢጀምር ውጤቱ በቶሎ ይታያል።

በመሠረቱ ዛሬ በክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ነገ መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስ፣ የሠፈራ ቦታ የሚመርጥ ሹም፣ ወይም ከብቶቹን ከተራራ ግርጌ የሚያሰማራ አርብቶ አደር ይሆናል። በዚያን ጊዜ የሚጠቅመው የኮቶፓክሲ ከፍታ ሳይሆን፣ ከፊቱ ያለውን ዝምተኛ ተራራ አይቶ ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ ማወቁ ነው። የእሳተ ገሞራ ስርጭት ካርታ ይህን ጥያቄ ካስተማረ በግድግዳው ላይ መሰቀሉ ተገቢ ነው፤ ይህን ካላስተማረ ግን ቀለም የተቀባ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።